ሦስት ጎልማሶች በአንድ እግር

በዚህ ወር ስለ ቴኳንዶ ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል። መልሱም ረዝሟል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉዳዩ የራሴንም ጠባሳ ነክቶብኛል።

ጥያቄ

ማስተር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 44 ነው። ልጆች ሆነን ሦስት ጓደኛሞች አብረን ቴኳንዶ እንሠራ ነበር። ሦስታችንም አንደኛ ዳን፣ የጥቁር ቀበቶውን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ደርሰናል። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስንሮጥ ከመጋላም ከከዚራም የማያውቀን አልነበረም። ከዚያ እንጀራ በተነን። አንዱ ሐረር ገብቶ አስተማሪ ሆነ። አንዱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። እኔ እዚሁ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ።

ባለፈው ጥር የሐረሩ ጓደኛችን እህቱን ሲድር፣ ከ22 ዓመት በኋላ ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ከበብን። ጨዋታው ሲደራ የጅቡቲው «አሁንም ዶልዮ ቻጊ (የዙሪያ ምት) እመታለሁ» ብሎ ተነሳ። መታም። ሱሪው ከኋላ እስከ ቀበቶው ተተረተረ። ሙሽራዋ ሳትቀር እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በማግስቱ በርጫ ላይ ወሰንን፤ ለአንጋፋዎች በሚዘጋጅ ውድድር በቡድን ፑምሴ፣ ያለ ተጋጣሚ በቅደም ተከተል በሚሠራው እንቅስቃሴ፣ እንገባለን።

አሁን ጭንቀቱ መጣ። እኔ ቦርጭ አለኝ። የሐረሩን ጉልበቱን ያመዋል። የጅቡቲው በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው የሚመጣው። በዚህ ዕድሜ ይሆናል ወይ? በሦስት ከተማ ተበታትነንስ እንዴት እንለማመድ?

አንድ ሌላም ነገር አለ። በ1994 አዲስ አበባ ለውድድር ልንሄድ ተመዝግበን ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ ተቀጣጠርን። የጅቡቲው አልመጣም። አውቶቡሱ ሄደ። ሦስት ሰው ካልሞላ ቡድን የለምና ሁላችንም ቀረን። ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ሰርጉ ላይም ማንም አላነሳውም። አሁን እናንሳው ወይስ የሞተ ነገር ነው?

ሦስተኛው ሰው፣ ከሳቢያን

መልስ

ወሪያ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ውሳኔው የተወሰነው በርጫ ላይ ነው ብለሃል። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ። ምርቃና ላይ ስንት ፋብሪካ እንደተከፈተ፣ ስንት ሰው ካናዳ ገብቶ እንደተመለሰ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሻይና ፉል ብቻ ቀርቦ፣ ውሳኔውን ድገሙት። ጠዋትም ያው ከሆነ ቀጥሉ።

ዕድሜውን ተወው። የዓለም የፑምሴ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2006 ሶል ላይ ነው የተጀመረው። ዛሬ በነጠላ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሳይቀር ምድብ አለው። የ44 ዓመት ሰው ለእነሱ ጎረምሳ ነው። በቡድንም ከ30 በላይ የሆኑት ከልጆቹ ተለይተው ይወዳደራሉ። የአገር ውስጥ ውድድሮች ግን ምድቡን እንደየራሳቸው ስለሚከፋፍሉት ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጆቹን ጠይቁ። የትኛውን ቴኳንዶ እንደሚያወዳድሩም ጠይቁ። እናንተ ፑምሴ ስላላችሁ የኦሎምፒኩ ወገን ናችሁ ማለት ነው። በሌላው ወገን፣ በአይቲኤፍ (ዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን)፣ ቅርጾቹ ቱል ነው የሚባሉት፤ ቡድኑም የአምስት ሰው ነው። አገራችን ውስጥ ሁለቱም አሉ። ሦስት ሆኖ አምስት የሚፈልግ ውድድር በር ላይ የቆመ ቡድን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፑምሴ መምረጣችሁን ወድጄዋለሁ። ስፓሪንግ፣ የፊት ለፊት ግጥሚያውን፣ ብትሉኝ ኖሮ ደብዳቤህን አጥፌ ለባለቤትህ እልከው ነበር። ስፓሪንግ ለእነ ሰለሞን ቱፋ ይቅር። እሱ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ከ58 ኪሎ በታች ለኢትዮጵያ ሲሰለፍ እኔ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ አብሬው ስዘል ወገቤ ተያዘ። ሦስት ቀን ተኛሁ። ተመልካች ሆኜ ማለት ነው።

ግን ፑምሴ የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ነጥቡ ከ10 ነው የሚሰጠው። 4ቱ ለትክክለኛነት ነው፤ እጅህ የት ደረሰ፣ እግርህ እንዴት ቆመ። 6ቱ ለአቀራረብ ነው፤ ፍጥነቱና ኃይሉ፣ ሪትሙ፣ መንፈሱ። ትንሽ ስህተት 0.1 ታስቀንሳለች። ትልቁ 0.3 ነው። በቡድን ደግሞ ሦስታችሁ አንድ ሰው መምሰል አለባችሁ። እዚህ ላይ ነው ጓደኛሞች የሚወድቁት። የእኔ ታሪክም እዚህ ላይ ነው።

የ41 ዓመት ሰው ሆኜ ከሁለት የድሮ ጓደኞቼ ጋር ልክ እንደናንተ ገባሁ። የመረጥነው ኩምጋንግን ነው። የማያውቁ አንባቢዎች ካሉ፣ ኩምጋንግ የጥቁር ቀበቶ ፑምሴ ነው። 27 እንቅስቃሴ አለው። ስትሄድበት ወለሉ ላይ የሚወጣው ቅርጽ በቻይና ፊደል «ተራራ» የሚለው ነው። ስሙ ሲከብድ! የሚያስቸግረው ግን የሽመላ አቋሙ ነው። አንዱን እግር ታነሳለህ፣ አንዱን ክንድ ከግንባርህ በላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ትዘረጋለህ፣ በዝግታ። በጣም በዝግታ። ያን ጊዜ የቆምክበት እግር ጣቶች ምንጣፉን እንደ ዶሮ ይቧጥጣሉ። ተረከዝህ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቁርጭምጭሚትህ፣ ከዚያ ጉልበትህ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አሮጌ ፍሪጅ እንዴት ነው የሚነሳው? እንደዚያ ነው።

አንደኛው ጓደኛዬ አዳማ ነበር የሚኖረው። ፑምሴውን ረስቶታል። እኔ ቤቴ በር ላይ ስልኬን ወንበር አስደግፌ፣ በፊት ካሜራ እራሴን ቀርጬ ላክሁለት። እያየ ተለማመደ። ጎበዝ ሰው ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሳ ሠራ። ሦስታችን የተገናኘነው በውድድሩ ዋዜማ ማታ ነው። ሌላ ቦታ አጥተን ያረፍንበት ፔንሲዮን ኮሪደር ላይ ሞከርነው። ኮሪደሩ ጠባብ ነው። የኩምጋንግ መጀመሪያ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ጎን የለም። ስለዚህ ለኮሪደሩ ልክ ነው። ሠራነው። አማረ። «አቦ፣ ይሄማ አልቋል» ብለን ሻይ ልንጠጣ ወረድን።

በማግስቱ ገባን። ጁንቢ ተባለ፤ ተዘጋጁ። ሺጃክ፤ ጀምሩ። ወደ ፊት ሄድን፣ አንድ ሰው። ወደ ኋላ ተመለስን፣ አንድ ሰው። ከዚያ ሽመላው መጣ። እኔና በቀኝ ጫፍ ያለው ወደ ግራ ዞርን። የአዳማው መሃል ነበር። ወደ ቀኝ ዞረ። ሁለቱ በአንድ እግር ቆመው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ። የስልኬ የፊት ካሜራ እንደ መስታወት ገልብጦ ነበር የቀረጸው! ሰውዬው ሁለት ወር ሙሉ ግራውን ቀኝ አድርጎ ነው የተለማመደው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የቀኙ ጓደኛችን መጀመሪያ አፍንጫው ሰፋ። ከዚያ ትከሻው ተነቃነቀ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳና እግሩን አወረደ። ስንተኛ እንደወጣን አትጠይቀኝ።

ስለዚህ ለርቀት ልምምድ የምነግርህ ይሄን ነው። በኋላ ካሜራ ቅረጹ። የሚቀርጸው ሰው ከጀርባችሁ ይቁም፤ የሚያየው ሰው ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ይሆንለታል። ቀረጻው ላይ ድምፅ ይኑር። ፑምሴውን በቁጥር ሳይሆን በትንፋሽ ቁጠሩት፤ የት ነው የምታስገቡት፣ የት ነው የምታስወጡት። ሦስታችሁ አንድ ዓይነት ትንፋሽ ከያዛችሁ እጃችሁ ራሱ ይገጥማል። እናም በአካል ሳትገናኙ አትግቡ። የጅቡቲው ሲመጣ ባቡር ጣቢያ ተቀበሉትና ከበርጫው በፊት ሜዳ ውሰዱት። ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ሙሉውን ሰፊ ቦታ ላይ ሥሩት። ኮሪደር ላይ አይደለም።

ሐረርና ድሬ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ እናንተ ሁለታችሁ ሰበብ የላችሁም። አንድ ሳምንት አንተ የደንገጎን ዳገት ውጣ፣ አንድ ሳምንት እሱ ይውረድ። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል መጀመሪያ ላይ አንተን ቶሎ ያለከልክሃል። እሱን ደግሞ የድሬ ሙቀት ይጥለዋል። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ 1 ተኩል ላይ ጨርሱ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከዚያ በኋላ መሥራት ጀግንነት አይደለም፣ ሞኝነት ነው።

ሲሚንቶ ላይ አትዝለሉ። ደቻቱ አሸዋ ላይ መሮጥ እንደናፈቀህ ከደብዳቤህ ገብቶኛል። እኔንም ይናፍቀኛል። ግን ለስላሳ አሸዋ ለ20 ዓመት ልጅ ጥሩ ነው፤ ለእናንተ የተረከዝ ጅማት መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። በእርምጃ ጀምሩ። በክረምት ደግሞ ደቻቱ ውስጥ ጨርሶ አትግቡ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ደርሶ ይጠርጋል። በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የበላብን። ይሄን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም ነበር። ግን ልምምድ የጀመረ ሰው ልጅነቱ ስለሚመለስበት ነው።

ወደ ሰውነታችሁ ልምጣ። የመጀመሪያ ሦስት ወር ዝላይ የለም፣ የጆሮ ምት የለም። ጡንቻ በሳምንታት ይመለሳል። ጅማት ቀርፋፋ ነው፣ ወራት ይፈልጋል። ችግሩ ጡንቻው «ደርሻለሁ» ሲልህ ጅማቱ ገና መንገድ ላይ መሆኑ ነው። የ40 ዓመት ሰው የሚበጠሰው ያኔ ነው። ሽመላውን ጥርስ ስትፋቅ ሥራው። ግድግዳ አጠገብ ቁም፤ በአንዱ እግር አሥር ሰከንድ፣ በሌላው አሥር። ሲቀልህ ዓይንህን ጨፍን። ልጆችህ ይስቁብሃል። ይሳቁ።

ሦስታችሁም ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ስትሠሩ ደረታችሁን ከጨመደዳችሁ ወይም ካዞራችሁ አቁሙና ሆስፒታል ሂዱ፤ «ውሃ ልጠጣና ይለቀኛል» አይሠራም።

ስለ ጫትም አልዋሽህም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። እንቅልፍ ይነሳል። ቅሞ ልምምድ መግባት በሚሮጥ መኪና ላይ ሌላ ነዳጅ ማርከፍከፍ ነው። ተው ብልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ እኔም ስንቱ ተው ብሎኝ አልሰማሁም። ቢያንስ የልምምድ ዋዜማ አትቃሙ። ዋዜማውን የዘለለ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፊቱ ያስታውቃል።

አሁን የሐረሩ ጉልበት። እዚህ ላይ ሁሉም ቡድን ይሳሳታል። ሁለቱ ጤነኞች ከፍ አድርገው ይመታሉ፤ የታመመው የቻለውን ያህል ይንጠራራል። ተው። ምታችሁ የሚለካው በእሱ ጉልበት ነው። እሱ ወገብ ድረስ ከቻለ ሦስታችሁም ወገብ ምቱ። ከፍ ያለ ምት ነጥብ አለው፣ አልክድም። ግን ሦስት የወገብ ምት እኩል ሲወጣ የዳኛ ዓይን ያርፋል። ሁለት የጆሮና አንድ የወገብ ሲሆን ዓይኑ ሄዶ የሚቀመጠው ያ አንዱ ላይ ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ካልመደቡላችሁ ኮርዮን አትምረጡ። ድርብ የጎን ምት አለው፤ መጀመሪያ ዝቅ፣ እግር ሳይወርድ ከፍ። ለዚያ ጉልበት ቅጣት ነው።

ፍጥነታችሁም እንደዚያው ነው። ከሦስቱ በጣም ዝግ የሚለው ሰው መሪ ነው። መሃል ይቁም። እናንተ በቀኝና በግራ ሆናችሁ ጠብቁት። አንተ በልጅነትህ ከሦስቱ ፈጣኑ እንደነበርክ ከአጻጻፍህ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ በጣም የምትለፋው አንተ ነህ፤ ለመፍጠን ሳይሆን ለመጠበቅ።

እንግዲህ መናኸሪያው።

«የሞተ ነገር ነው ወይ?» አልክ። ወንድሜ፣ የሞተ ነገር ሰዓቱ ትዝ አይልም። አንተ ሌሊት 10 ሰዓት ብለህ ጽፈህልኛል። አልሞተም።

ጠይቁት። ይቅርታ እንዲል ብዬ አይደለም፤ ፑምሴው አይሄድላችሁም። ሽመላው ላይ ሦስታችሁ እኩል እግር ማንሳት አለባችሁ፣ ሳትተያዩ። አንተና የሐረሩ ግን ዓይናችሁ ወደ እሱ ይሰርቃል። መጣ ወይስ ቀረ? መናኸሪያ የጠበቃችሁት ጥበቃ ሰውነታችሁ ውስጥ አለ። ግማሽ ሰከንድ ትዘገያላችሁ። ዳኛው ምክንያቱን አያውቅም፤ መዘግየቱን ግን ያያል። እኔ ይሄን በሌሎች ቡድኖች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሁለቱ አንዱን ካላመኑት ከሩቅ ነው የሚታወቀው።

በርጫ ላይ አትጠይቁት፤ እዚያ ሁሉም ነገር ወይ ቀልድ ይሆናል ወይ ፍልስፍና። በስልክም አይሆንም። ከልምምድ በኋላ፣ ላባችሁ ሳይደርቅ፣ ውሃ እየጠጣችሁ። «ያን ቀን ምን ሆነህ ነው?» በለው። «ለምን ከዳኸን?» አይደለም። «ምን ሆነህ ነው?» ከዚያ ዝም በል። የሐረሩም ዝም ይበል። አስተማሪ ስለሆነ ይከብደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ልጆች አሠልጥኛለሁ። ለጉዞ ሳይመጣ የቀረ ልጅ ፈሪ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንዱ በጣም የምተማመንበት ልጅ እንዲሁ ቀረብኝ። ስድስት ዓመት ተናድጄበት ኖርኩ፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ ከንፈሬን ብቻ ነበር የማነቃንቀው። አንድ ቀን ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቡና ይዤ ስቀመጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጠየቅሁት። «ማስተር፣ አዳር ነው ስትሉ ፈራሁ» አለኝ። «ምኑን ፈራህ?» «ካልሲዬና የውስጥ ልብሴ ተቀዶ ነበር። ከሌሎቹ ጋር አንድ ክፍል ልናድር ነው። ያዩብኛል ብዬ።» ሰባተኛ ክፍል ነበር። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ምንም ማለት አልቻልኩም። የጅቡቲው ጓደኛህ ምክንያት ይሄ ነው አልልህም። ምናልባት እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል። ግን ጠይቁት። ዶቦክ፣ የውድድሩን ልብስ፣ ከማሰፋታችሁ በፊት።

እሱ ደግሞ ሱሪውን ሰፋ አድርጎ ያሰፋ።

ጥያቄ

ማስተር፣ እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፤ ጀጎል ውስጥ ነው ያደግኩት። ሦስት ሴቶች ነን። ትምህርት ቤት እያለን ቴኳንዶ አብረን ጀምረን ቀይ ቀበቶ ላይ አቆምን። አሁን 33 ዓመታችን ነው፤ ልጆችም ወልደናል። በስፓሪንግ አብረን ልንወዳደር አሰብን። ሁለታችን ሒጃብ እንለብሳለን። አንድ የምናውቀው ሰው «ሒጃብ ለብሳችሁ አያስገቧችሁም» አለን። እውነት ነው? ደግሞ ወንዶች እያዩን መሥራት አልተመቸንም።

መልስ

እህቴ፣ ያ ሰው የድሮ ወሬ ነው የነገረሽ። በዓለም ቴኳንዶ ውድድር ሒጃብ ከሄልሜቱ ሥር ይለበሳል። ኢራናዊቷ ኪሚያ አሊዛዴህ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ከ57 ኪሎ በታች ነሐስ ያገኘችው ፀጉሯን ሸፍና ነው። ለአገሯ በኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያመጣች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ቀጥሎ «አያስገቡም» የሚልሽ ካለ ይሄን ንገሪው።

ሥራው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስፒል የሚባል ነገር አይኑር፤ ለራስሽም ለሌላዋም ዓይን አደጋ ነው። ተጠምዝዞ አንገት ላይ የሚተሳሰረውም አይሆንም። በራስ ላይ የሚጠለቅ፣ የሚለጠጥ፣ ቀጭን ጨርቅ ይሁን። ሄልሜቱን ስትገዙ ሒጃቡን ለብሳችሁ ለኩት። ባዶ ፀጉር ላይ ለክታችሁ ከገዛችሁ በውድድሩ ቀን አልገባ ይላል፤ ወይ ደግሞ በመጀመሪያው ምት ዞሮ ዓይንሽን ይሸፍናል። አንዲት ልጅ ላይ አይቼዋለሁ። በአንድ ዓይን ነው የጨረሰችው። ደግሞ አሸነፈች!

ስለ ቦታው፣ የአንዳችሁ ግቢ ካለ እሱ ይበቃል። አራት ሜትር በአራት ሜትር ለእግር ሥራና ለፓድ (ለመምቻ ትራስ) ምት ከበቂ በላይ ነው። አሮጌ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አስደግፉ። ልጆቹን አታባርሯቸው፤ ፓድ ይያዙ። ወደ ውድድሩ ሲቃረብ ግን ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ክለብ ገብታችሁ ከማታውቋቸው ሴቶች ጋር ተጋጠሙ። ጓደኛሽ የት እንደምትመታሽ አስቀድመሽ ታውቂያለሽ። ሌላዋ አትነግርሽም።

ቀይ ቀበቶ ላይ ማቆማችሁ ግን አሳዝኖኛል። ያችን አንድ ፈተና ጨርሷት።

ጥያቄ

ጥቁር ቀበቶዬን ያገኘሁት በ1992 ነው። አሁን ጠርዝ ጠርዙ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ አልሠራሁም። ዳኔ ጊዜው አልፎበታል? ቀበቶውንስ ልቀይረው? ከነምበር ዋን፣ ድሬዳዋ።

መልስ

ዳን እንደ መንጃ ፈቃድ አይታደስም። ሰርተፊኬትህ የኩኪዎን ከሆነ ቁጥር አለው፤ በእሱ ይገኛል። ኩኪዎን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሶል ላይ ያለ፣ የዳን ሰርተፊኬት የሚሰጥ የቴኳንዶ ቤት ነው። ወረቀቱ ቢጠፋህ እንኳ ቁጥሩን ይዘህ በፌዴሬሽን በኩል መጠየቅ ትችላለህ። የክለብህ ወረቀት ብቻ ከሆነ ግን አንዳንድ ውድድር አይቀበለውም፤ ፈተና መቀመጥ ሊኖርብህ ነው።

ቀበቶውን አትቀይረው። የነጣ ጥቁር ቀበቶ ብዙ የሠራ ሰው ነው ይባላል። አንተ ያነጣኸው ሳትሠራ ነው፣ ምናልባት ብል ረድቶህ። ይሁን፣ ማንም አያውቅም። ቀበቶ አይታጠብም፣ ዕውቀቱ ይሄዳል የሚሉም አሉ። እሱንም እሺ።

ዶቦኩን ግን እጠበው።